በወይዘሮ አመለወርቅ ደጅ ስለ ሳቅሁት ሳቅ

ዲላ፣ የካቲት ፳፩ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ወልደዮሐንስ
የዲላ ከተማ የቤትና የቦታ አሻሻጮች መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤንነት፣ ለመላው ቤተሰብዎ ደኅንነት፣ እንዲሁም በዝናብም በፀሐይም ከራስዎ ለማይለየው ግራጫ ባርኔጣዎ ረጅም ዕድሜ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ጉልበትዎን ያምመዎታል ሲባል ሰምቼ አዝኜ ነበር። ሆኖም ባለፈው ሳምንት ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ላይኛው ገበያ ድረስ የሌላ ሰው ደንበኛ ተከትለው ሲሮጡ በዓይኔ በማየቴ፣ ሕመሙ ፈጽሞ እንደ ለቀቀዎት ተረድቼ ደስ ብሎኛል።

የካቲት ፲ ቀን የጻፉልኝ ደብዳቤ በሰላም ደርሶኛል። ማኅተሙ በሦስት ቦታ አርፎበታል፤ አንዱ በስሜ ላይ በማረፉ ደብዳቤው ለማን እንደ ተጻፈ ለመለየት ጥቂት ብቸገርም፣ «ድምፁን ከፍ አድርጎ በመሳቅ» የሚለው ላይ ስደርስ ስለ እኔ መሆኑን አውቄአለሁ። በደንበኞች ፊት በባልደረባዬ ላይ ስቄ የሙያውን ክብር በማጉደፌ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍና በግልጽ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ጽሑፌም በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አዝዘውኛል። የሳቅሁት በታኅሣሥ ነው። ቅሬታዎን ስምንት ሳምንት ያህል በሆድዎ ይዘው ስለ ታገሡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

እነሆ ትእዛዝዎን እፈጽማለሁ። ነገር ግን አብዛኞቹ አባላት ስስቅ ስላልነበሩ፣ በምን እንደ ሳቅሁ ካልተነገራቸው ይቅርታው ትርጉም ያጣባቸዋል ብዬ ሰግቻለሁ። ስለዚህ ጥፋቶቼን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዘረዝራለሁ። ወደ ቤት ማሻሻጥ ሥራ ከመግባቴ በፊት የፍርድ ቤት ማመልከቻ ጸሐፊ ስለ ነበርሁ፣ ነገር በተራ ቁጥር ካልተጻፈ አንጀቴ አይርስም።

፩ኛ/ የመጀመሪያው ጥፋቴ የማኅበሩን ደንብ ማክበሬ ነው።

በመስከረም መጨረሻ ወይዘሮ አመለወርቅ ቤታቸውን እንዳሻሽጥላቸው አስጠሩኝ። እኚህ ሴት በጸሐፊነት ሲያገለግሉ ኖረው የሞቱት የአቶ ገሪማ ባለቤት ናቸው። ቤቱ ከላይኛው ገበያ ወደ ለገዳራ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ሲሆን፣ ጓሮው እንሰትና አንድ የዘይቱን ዛፍ አለበት። አንድ ልጃቸው ቆንጅት አዋሳ አስተማሪ ናት። ቤቱን ዞሬ አይቼ ስጨርስ፣ ለምን ለመሸጥ እንደ ቸኮሉ ጠየቅኋቸው።

«ዓይኔ እየከዳኝ ነው፤» አሉኝ። «ሐኪሙ እስከ ፋሲካ መቆየቱን እንጃ ብሎኛል። ልጄ ዘንድ መሄዴ ካልቀረ፣ እያየሁ ልሂድ። በሩ በየት በኩል እንደ ሆነ፣ ደረጃው ስንት እንደ ሆነ፣ የልጅ ልጆቼ መልክ ማንን እንደሚመስል አይቼ ልያዘው። በማላውቀው ቤት ከታወርሁ እስክሞት እንግዳ ሆኜ መቅረቴ ነው።»

ይህን ሰምቼ ዝም ብዬ ሥራዬን መሥራት ነበረብኝ። እኔ ግን እርስዎ በጠቅላላው ጉባኤ ላይ ቆመው ያነበቡልን የደንቡ አራተኛ አንቀጽ ትዝ አለኝ፤ አባል ለሽያጭ የቀረበለትን ቤት ለባልደረቦቹ ያስታውቃል፣ ባልደረባው ግን ያለ እርሱ ፈቃድ ወደ ባለቤቱ አይሄድም። እርስዎ ዘንድ ብዙ ገዢ እንደሚመጣ ስለማውቅ፣ ሴትዮዋም ስለ ቸኮሉ፣ ያንኑ ቀን ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ወዳለው፣ እርስዎ ወደሚውሉበት ሻይ ቤት መጥቼ ነገርሁዎ። ብርጭቆዎን አስቀመጡ፤ እጄንም በሁለት እጅዎ ያዙት።

«ወንድይራድ፣ አንተ እኮ ልጄ ነህ፤» አሉኝ። «ያንተ ቤት የኔ ቤት ነው፣ የኔም ያንተ።»

በማግስቱ ጠዋት በወይዘሮ አመለወርቅ አጥር ላይ «የሚሸጥ ቤት፣ ሀብተ ጊዮርጊስን ጠይቁ» የሚል ሰሌዳ ተንጠልጥሎ አየሁ። የእኔ ትንሽ ሰሌዳ መሬት ወርዳ ነበር። የእርስዎን ያሰሩት በእኔው ገመድ መሆኑን ስመለከት፣ ከንግግርዎ ቢያንስ ግማሹ እውነት እንደ ነበር ገባኝ። የእጅ ጽሑፍዎ ውበት ግን ሳይደነቅ መታለፍ የለበትም።

፪ኛ/ ሁለተኛው ጥፋቴ ገዢ ማግኘቴ ነው።

በጥቅምት ለሌላ ጉዳይ ይርጋጨፌ ሄጄ ሳለ፣ አቶ ሽብሩ የሚባሉ የኢዲዶ ቡና ገበሬ ዲላ ላይ ቤት እንደሚፈልጉ ሰማሁ። ሁለት ሴት ልጆቻቸው በዚያ ዓመት ዲላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። በኪራይ የተገኘላቸው ክፍል ከአንድ ጠላ ቤት ጀርባ ስለ ነበር፣ ልጆቹ ገና ሳይመሽ በራቸውን በድንጋይ ደግፈው ይቀመጡ ነበር። አባትየው አነስተኛ ቤት ገዝተው እናትየዋ ከልጆቹ ጋር እንድትቀመጥ ማሰባቸውንም ሰማሁ። ኢዲዶ ድረስ በእግሬ ሄድሁ፤ ጭቃው አንድ ጫማዬን ለራሱ አስቀረው። አቶ ሽብሩ ቡናቸውን በማድረቂያው አልጋ ላይ ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። ስለ ቤቱ ያለኝን ሁሉ አውርቼ እስክጨርስ እጃቸው ሥራውን አላቆመም።

«በሩ ቁልፍ አለው?» አሉኝ በመጨረሻ። «ከውስጥ የሚዘጋ?»

አለው አልሁ። በቅዳሜው ዲላ መጡ። ቤቱን ከማየታቸው በፊት ደጅ ላይ እግራቸውን ታጠቡ፤ ወይዘሮ አመለወርቅም የውሃውን ድምፅ ከውስጥ ሰምተው «ማነው እንዲህ ያለ ጨዋ?» ብለው ወጡ። ስለ ቤቱ ያወሩት ጥቂት ነው፤ ስለ ልጆቹ ግን ብዙ አወሩ። አቶ ሽብሩ የበሩን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ከፍተው ዘጉ። በዋጋ የተስማሙት እኔ አፌን ሳልከፍት ነው። ውሉ በአሥር ቀን ውስጥ በሽማግሌ ፊት እንዲፈረም ቀጠሮ ያዝን። በአሥራ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ቅን ገበያ አላየሁም ብዬ ተደስቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

፫ኛ/ ሦስተኛውም ጥፋቴ ይኸው ወደ ቤቴ መሄዴ ነው። አቶ ሽብሩን እስከ አውቶቡሱ በር መሸኘት ነበረብኝ።

እርስዎ ግን ጨዋ ሰው ስለ ሆኑ እንግዳ ብቻውን ሲቆም ዝም ብለው አላዩም። ሻይ ቤት አስገቡአቸው፤ ብስኩት ጨምረው ጋበዙአቸው። ከዚያም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው የሚከተለውን ምክር እንደ ለገሱአቸው፣ ከሁለት ወር በኋላ ከራሳቸው አንደበት ሰማሁ።

«ወንድሜ፣ አንተ የወንጌል ሰው ትመስለኛለህ። ሴትዮዋ ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ውቃቢ አለ። በየወሩ ጥቁር ዶሮ ይታረድለታል። ቤቱን የገዛ ሰው ውቃቢውንም አብሮ ይረከባል። ለአንተስ ግድ የለም፣ ልጆችህ ናቸው የሚያሳዝኑኝ።»

ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ ኋላ እንዳጫወቱኝ፣ እርስዎ አንድ ጥቅል ስኳር ይዘው እሳቸው ዘንድ ገቡ።

«እመቤቴ፣ ይህ ባላገር የሚሲዮን ሰው መሆኑን ወንድይራድ ነግሮዎታል?» አሏቸው። «ውሉ በተፈረመ ማግስት የእመቤታችንን ሥዕል ከግድግዳ አውርዶ ምድጃ ውስጥ ነው የሚጨምረው። ደግሞስ አቶ ገሪማ በላባቸው የሠሩት ቤት ለጭሰኛ ይገባል?»

ክቡር ሆይ፣ ጠዋት ለወንጌል አማኙ፣ ከሰዓት ለኦርቶዶክሷ በእኩል ሲቆረቆር የዋለ ሰው በዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም። ሁለቱ ወገኖች እንዲህ ያለ ጠበቃ አንድ ላይ እንዳላቸው ባለማወቃቸው በጣም አዝናለሁ።

፬ኛ/ አራተኛው ጥፋቴ ትዕግሥቴ ነው፤ ስለዚህኛው ከልቤ አፍራለሁ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ፤ አቶ ሽብሩ አልመጡም። ወይዘሮ አመለወርቅም በራቸውን ዘግተው፣ አልሸጥም የሚል ቃል በጎረቤት ላኩብኝ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ በእርስዎ መሪነት ጥቁር መነጽር ያደረጉ አንድ ጌታ ቤቱን ለማየት መጡ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ነጋዴ ናቸው ተባለ። የሰጡት ዋጋ አቶ ሽብሩ ከተስማሙበት ከግማሽ ያነሰ ነበር። እርስዎም በየሳምንቱ እየተመላለሱ፣ ቤቱን ሌላ የሚፈልገው ሰው እንደ ጠፋ ለሴትዮዋ ያዝኑላቸው ጀመር። እግሩ ሳር ላይ ሲያርፍ የማይሰማ ሰው ርጋታ ይዘው ነበር ይላሉ ጎረቤቶች።

እኔም ሦስት ጊዜ ወደ እርስዎ መጣሁ። ባልደረባን በደንበኛ ፊት ማሳጣት ነውር ስለ ሆነ፣ ሰው በሌለበት ልናገርዎ ፈለግሁ። በመጀመሪያ እቤትዎ መጥቼ፣ ገዢዬን ማን እንዳስፈራራብኝ እጠረጥራለሁ አልሁዎ፤ «ማስረጃ አለህ?» አሉኝ። ማስረጃ አልነበረኝም፤ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ሁለተኛ ጊዜ ሦስት አዛውንት አባላት ባሉበት ነገሩን አነሣሁ፤ ባርኔጣዎን አውልቀው ደረትዎ ላይ አድርገው ማሉ። የተደረገው ሁሉ ደንቡን ለማክበር እንደ ሆነም አስረዱን። ሦስተኛ ጊዜ መንገድ ላይ ጠብቄ አስቆምሁዎ። እርስዎም የአባቴን ጤንነት ጠየቁኝ። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀብሩ ላይም ንግግር ያደረጉት እርስዎ ነበሩ።

በዚያው ሰሞን በልቤ ያደረውን ክፉ ሐሳብም እናዘዛለሁ። እርስዎ በወንዙ ዳር ለሽያጭ ያቀረቡት አዲሱ ቪላ በክረምት ጎርፍ እንደሚገባበት አውቃለሁ። ደንበኞችዎ ቪላውን ሊያዩ ሲመጡ በቤቴ በር አጠገብ ነው የሚያልፉት። አንድ ቃል ብናገር እንደ እኔ ባዶ እጅዎን እንደሚቀሩ አውቅ ነበር። ሁለት ጊዜ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥሁ። በመጨረሻ እኔን ሊጠይቁ ያልመጡ ሰዎች ናቸው ብዬ ተውሁት። ስለ ጎርፉ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም፤ አሁንም አልናገርም።

የሚቀጥለውን ያለ ምንም ቀልድ ነው የምጽፈው። እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በሥራው ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ የጉድጓዱ ውሃ በበጋ እንደሚደርቅ እያወቅሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ይፈልቃል ብዬ ለአንዲት እናት ቤት አከራይቻለሁ። ጥር ላይ እንስራ አዝላ ከወንዝ ስትወጣ መንገድ ላይ ተገናኘን። ሰላም ብላኝ አለፈች። ብትሰድበኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤት ሳሳይ ጉዱን የማስቀድመው ስለ ደግነቴ ሳይሆን እንስራዋ ስለማይጠፋኝ ነው።

በኅዳር መጨረሻ ወይዘሮ አመለወርቅ በር ከፈቱልኝ። ተቀመጥ ብለው ውሃ ሲቀዱልኝ ከብርጭቆው ውጪ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እሳቸው አላዩትም፤ እኔም እንዳላየ ሆንሁ። ውሃው እየተንጠባጠበ ጉልበቴን አራሰው።

«የግራው ሄዷል፤» አሉኝ። «ለዚያ ለመነጽራሙ ሰውዬ ልሸጥለት ነው። ምን ላድርግ? ያንተው ሰው የእመቤቴን ሥዕል ያቃጥላል አሉኝ።»

ማን እንዳላቸው ብጠይቃቸው ስም መጥራት አልፈለጉም። ነገሩን ያወቅሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

፭ኛ/ አምስተኛው ጥፋቴ ከባድ ነው፤ ማንም አሻሻጭ ሊያደርገው የማይገባውን አደረግሁ። ሻጭና ገዢን ፊት ለፊት አገናኝቼ ከመካከል ወጣሁ።

ሁለተኛ ጊዜ ኢዲዶ ወጣሁ። አቶ ሽብሩ ከአልጋው ላይ የደረቀውን ቡና ወደ ጆንያ እየሰበሰቡ ነበር፤ ቀና ብለው ሊያዩኝ አልፈለጉም።

«አቶ ወንድይራድ፣ አንተ ክፉ ሰው አይደለህም፤» አሉኝ ቆይተው። «ግን ሰይጣን ላለበት ቤት ልጆቼን አልሰጥም።»

«ማን ነገረዎት?»

«ትልቅ ሰው ነው። ባርኔጣ አለው። ሻይ ጋበዘኝ።»

ሁሉንም አጫወቱኝ። እኔም፣ «እኔን አይመኑ፣ ባለባርኔጣውንም አይመኑ። ሴትዮዋን ራሳቸውን ይጠይቁ፤» አልኋቸው።

«እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ‘ሰይጣን አለሽ ወይ’ ተብሎ የሰው እናት ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል። እሳቸውም እርስዎን የሚጠይቁት አላቸው።»

በታኅሣሥ ሦስተኛው ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ። አስገባኋቸውና ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጥሁ። መስኮቱ ክፍት ስለ ነበር የሰማሁት ሁሉ እንደሚከተለው ነው። ወይዘሮ አመለወርቅ ጀመሩ።

«አቶ ሽብሩ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቤቱን ስትረከብ የእመቤታችንን ሥዕል ምን ታደርገዋለህ?»

«ሥዕሉን?» አሉ አቶ ሽብሩ ግራ ገብቷቸው። «እናቴ፣ እርስዎ ይዘውት አይሄዱም እንዴ?»

«እሱስ... ይዤው ነው የምሄደው፤» አሉ ሴትዮዋ ቀስ ብለው። «ታዲያ ያቃጥለዋል ያሉኝ ምኑን ነው?»

«እኔም የምጠይቅዎት አለኝ፤ እንዳይቀየሙኝ። ውቃቢዎን... እሱንም ይዘውት ነው የሚሄዱት?»

«የምን ውቃቢ?»

«ከእንሰቱ ሥር ያለው። ጥቁር ዶሮ የሚበላው።»

«ልጄ፣ እኔ ለራሴም ዶሮ ከበላሁ ስንት ዓመት በዓል አልፏል!» አሉና ወይዘሮ አመለወርቅ መሳቅ ጀመሩ። «ውቃቢ ቢኖረኝማ መቼ ብቻዬን እቀመጥ ነበር? ቅረብ እስኪ፣ ወዲህ ብርሃን ያለበት ና፤ በቀኝ ዓይኔ ልይህ።»

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ እኔ አልሳቅሁም። ይህን ልብ እንዲሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

፮ኛ/ በዚያች ቅጽበት እርስዎና ባለመነጽሩ ጌታ የውል ወረቀት ይዘው በበሩ ገቡ። ለአቀባበሉ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ወይዘሮ አመለወርቅ ድምፅዎን ለይተው እስከ ደጁ ወጡ፤ አቶ ሽብሩም ክንዳቸውን ደግፈው ተከተሉ።

«አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ እንኳን በሰዓቱ መጡ፤» አሉ ሴትዮዋ። «ይህ ሰውዬ ውቃቢውን ሳላይ አልገዛም ይለኛል። እኔ እዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬ አላገኘሁትም። እርስዎ ግን ቦታውን ያውቁታል አሉ። እስኪ ይምሩን።»

እርስዎ ወደ ሰማይ ተመለከቱ። ወደ እንሰቱ ተመለከቱ። ባርኔጣዎን አውልቀው ውስጡን ተመለከቱ፤ ውቃቢው እዚያ እንዳልነበረ እኔም አይቼአለሁ። መልስ የሰጠው ግን ጥቁር መነጽሩን ከዓይኑ የነጠቀው እንግዳዎ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ጋሼ! ውቃቢ እንዳለበት መች ነገርከኝ?» አለና ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሸሸ። «አንተ ‘በስምህ ግዛልኝ’ አልከኝ እንጂ ይህን አላልከኝም! እኅቴ ይህን ታውቃለች? እኔ አልፈርምም ጋሼ፣ የልጆች አባት ነኝ!»

ባለቤትዎ ወንድም እንዳላቸው ሁላችንም ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱን እጅዎ ላይ ጥሎ ቁልቁል ወደ ለገዳራ በሩጫ ወረደ፤ እርስዎም ጉልበትዎን ረስተው «ተክለማርያም! ውሸት እኮ ነው! ተመለስ፣ ውሸት ነው!» እያሉ ከኋላው ሮጡ።

እኔም ሳቅሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። የደብዳቤዎ ቃል ትክክል ነው፤ አንዳች የሚቀነስበት የለም።

ስለ ተከታዩ ነገር አባላት እንዲያውቁ ያህል አጭር ልጨምር። ውሉ በሳምንቱ ተፈረመ። አቶ ሽብሩ ከመጀመሪያው ዋጋ አንድም አላጎደሉም፤ ወይዘሮ አመለወርቅንም ጥምቀትን በቤታቸው እንዲያሳልፉ ለመኑአቸው። ሁለቱ ልጆች ገና ሴትዮዋ ሳይወጡ ገብተው አብረው ሰነበቱ፤ ሻንጣቸውንም ያሰሩላቸው እነሱ ናቸው። በጥር አጋማሽ ወይዘሮ አመለወርቅ ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልለው አውቶቡስ ላይ ወጡ።

ባለፈው ሳምንት ከልጃቸው ከቆንጅት ደብዳቤ ደረሰኝ። ቀኝ ዓይናቸው አዋሳ በገቡ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠፍቷል። በሩንና ደረጃውን አይተው ለምደዋል። የትንሹን የልጅ ልጃቸውን መልክ አይተውታል፤ አቶ ገሪማን ይመስላል ብለዋል። ልጁ ደብዳቤው በተጻፈበት ሳምንት የመጀመሪያ ጥርሱን አውጥቷል፤ እሱን ግን በጣታቸው ነው የዳሰሱት።

በጥቅምት ተሽጦ ቢሆን ኖሮ አሥራ ዘጠኙ ቀን ሦስት ወር ይሆን ነበር። ይህን ሒሳብ ስሠራ አልሳቅሁም፤ የጻፍሁትም ምናልባት ለማኅበሩ መዝገብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ነው።

እንግዲህ ስለ ሳቄ፣ በታዘዝሁት መሠረት፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተጠየቅሁት ስለ ሳቁ ብቻ ስለ ሆነ ሌላውን ለባለቤቶቹ ትቼአለሁ። አንድ ትንሽ ልመና ግን አለኝ። የማኅበሩ ማኅተም በአንድ ደብዳቤ ላይ ሦስት ጊዜ ለማረፍ ጉልበት ካለው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለወይዘሮ አመለወርቅ በሚጻፍ የይቅርታ ደብዳቤ ላይ እንዲያርፍ ይፈቀድ። ማንበብ ስለማይችሉ ልጃቸው ታነብላቸዋለች፤ ስለዚህ የእጅ ጽሑፍዎ ውበት አያስፈልግም፣ ቃሉ እውነት ቢሆን ይበቃል።

ከእንግዲህም ቤት ለሽያጭ ሲቀርብልኝ፣ በደንቡ መሠረት መጥቼ አስታውቅዎታለሁ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ።

ለሙያው ክብር ሲሉ ሌሊትና ቀን የሚደክሙትን ሊቀ መንበራችንን ቸሩ አምላክ በወንበርዎ ላይ ያጽናልን፤ እዚያ ተቀምጠው በሚውሉበት ቀን ቢያንስ ደንበኞቻችን በሰላም ሥራቸውን ይጨርሳሉና።

በተግሣጽዎ ታርሞ፣ በምሳሌነትዎ ተምሮ፣ እጅ በመንሣት የሚሰናበትዎ
ታናሽ ባልደረባዎ

ወንድይራድ ፈለቀ
ቤት አሻሻጭ፣ ዲላ

ድጋሚ፦ ይህችን መስመር የጨመርሁት ሰሌዳው ሥር ቆሜ በእርሳስ ነው። ደብዳቤው ከሁለት ገጽ በላይ ስለ ሆነብኝ የያዝሁት ሚስማር አነሰኝ። እዚያ የነበሩት አባላት ይህን አይተው ከየኪሳቸው እየፈለጉ አሥራ አንድ ሚስማር አዋጡልኝ፤ መዶሻውን ደግሞ ከቤታቸው ድረስ ሄደው ያመጡልኝ ምክትልዎ ናቸው። ለዚህ በጎ ሥራቸው ማኅበሩ እንዲያመሰግንልኝ አሳስባለሁ።